የመስከረም ድግስ በታኅሣሥ ይገዛል

በየዓመቱ ፍልሰታ ሲፈታ አንድ ዓይነት ወሬ ይሰማል። ዶሮ ተወደደ፣ ሽንኩርት ጠፋ፣ ቅቤማ አይቀመስም ይባላል። ስብሰባ ይጠራል፣ ግብረ ኃይል ይቋቋማል፣ ነጋዴው ይወገዛል፣ ደላላው ይረገማል። ከዚያ እንቁጣጣሽ ያልፋል፣ ደመራው አመድ ይሆናል፣ ወሬውም አብሮ ይበርዳል። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ ደግሞ እንደ አዲስ ይጀመራል።

በንግድ ሥራ ውስጥ ከባዱ ነገር ገዢ መቼ እንደሚመጣ አለማወቅ ነው። የመስከረም ገበያ ግን ይህ ችግር የለበትም። ዘመን መለወጫ መስከረም 1፣ ደመራ መስከረም 16፣ መስቀል መስከረም 17 ቀን ነው። የሚታረደው፣ የሚጠመቀው፣ ወለል ላይ የሚጎዘጎዘው ሁሉ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የታወቀ ነው። ታዲያ ቀኑም ዕቃውም የታወቀ ገበያ በየዓመቱ ሰውን ለምን ያስደነግጣል? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሁሉም የሚገዛው በአንድ ሳምንት ነው፤ ያ ሳምንት ደግሞ ጎተራው የጎደለበት፣ መንገዱ የጨቀየበት ነው።

አሜሪካኖች በእኛ አቆጣጠር ኅዳር አጋማሽ ላይ የሚያከብሩት የምስጋና ቀን አላቸው። የዚያ ቀን ማዕድ ያለ ተርኪ አይሟላም። አገሩ በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ዓይነት ሥጋ ይፈልጋል። በየሱፐርማርኬቱ የሚለጠፈው ዋጋ ግን በዚያ ሰሞን ብዙ ጊዜ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ተርኪው ዓመቱን ሙሉ ይረባል፣ ይታረዳል፣ በበረዶ ክፍል ይከማቻል። ባለሱቁ በተርኪው ላይ ትርፉን ይተዋል፤ አንዳንዴም ይከስራል፤ ገዢው አንዴ በሩን ካለፈ ድንቹንም፣ ቅቤውንም፣ ጣፋጩንም ከዚያው እንደሚወስድ ያውቃልና። እዚያ ያለው ነጋዴ ጻድቅ ሆኖ አይደለም። ክምችቱና ቅድሚያ ውሉ ስላለው ነው።

የድስቱ ሒሳብ

አንድ የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ቢያንስ አምስት ገበያ ተገናኝቶ ይበስላል። አምስቱም በየራሳቸው ወቅት የሚሄዱ ናቸው።

በርበሬ ከማረቆ፣ ከአላባ፣ ከጎጃምና ከመተከል ይመጣል። የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በደንብ ደርቆ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ ከተቀመጠ እስከ መስከረም ይቆያል። እርጥበት ካገኘው ግን ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ይመጣል። የውጭ ገዢዎች የኢትዮጵያን በርበሬ በዚሁ ምክንያት መመለሳቸው የታወቀ ነው። የአገር ውስጥ ሸማች የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ብቻ ጉዳዩ ዝም ተብሏል።

ሽንኩርት የበጋ ልጅ ነው። በፎገራና በሌሎች የመስኖ አካባቢዎች በብዛት የሚነሳው ዝናብ በሌለበት ወራት ነው። በክረምት ማሳው ውኃ ይቋጥራል፣ ሥሩ ይበሰብሳል፣ የተቀመጠውም ያቆጠቁጣል። ቀደም ሲል ከሱዳን በመተማ በኩል የሚገባው ሽንኩርት ክፍተቱን ይሞላ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ ግን ያ በር የሚታመን አልሆነም። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ ሽንኩርት የሚከትፍ ቤት ይህን ሒሳብ በደንብ ያውቀዋል።

ቅቤና እንቁላል የጾም ገበያ ናቸው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፈላጊያቸው ይቀንሳል፤ በ16ኛው ቀን ገዢው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ከጾሙ ፍቺ እስከ ዘመን መለወጫ ያለው ጊዜ 20 ቀን ያህል ብቻ ነው። በጾም ወራት ቅቤ ገዝቶ፣ አንጥሮ፣ በንጹሕ ዕቃ አሽጎ ያስቀመጠ ሰው ለወራት አይበላሽበትም። የጉራጌ እናቶች ይህን ያወቁት ዛሬ አይደለም። ለመስቀል ክትፎ የሚሆነውን ቅቤ በዕቁብ መልክ ወራት አስቀድመው ያጠራቅማሉ። ወንዶቹም ለሰንጋው ገንዘብ ያዋጣሉ። መስቀል ሲደርስ መርካቶን ጭር አድርገው ወደ አገራቸው የሚሄዱት ነጋዴዎች ድግሳቸው በዋዜማው ገበያ ላይ የተንጠለጠለ አይደለም።

ዶሮ ደግሞ የቀን ቆጠራ ነው። እንቁላል በ21 ቀን ይፈለፈላል። የሥጋ ዶሮ ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ይደርሳል፤ እንቁላል ጣይዋ ግን ወደ አምስት ወር ትፈልጋለች። ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ እንቁላል የምትጥል ቄብ በመጋቢት መፈልፈል አለባት። በግም ቢሆን ሦስት ወር ያህል ይቀለባል። ነሐሴ 20 ቀን ተነስቶ "ዶሮና በግ ጠፋ" የሚል ነጋዴ የጠፋበት ዶሮው ሳይሆን መጋቢትና ግንቦት ናቸው።

ባለፉት ዓመታት ደግሞ ሌላ ነገር ተጨምሯል። የሙስሊሙ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ይመጣሉ። በ2017 ዓ.ም. መውሊድ ከዘመን መለወጫ በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት ውስጥ ውሎ ነበር። እንደ አሶሳ ባለ ሁለቱም በዓላት በሚደምቁበት ከተማ የሚነግድ ሰው ሁለቱንም ካሌንደር ግድግዳው ላይ መስቀል ይኖርበታል።

ቡለን እንደ ምሳሌ

የነገሩን ሥር ለማየት ከሾላና ከመርካቶ ራቅ ማለት ይጠቅማል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን የምትገኘው ቡለን ቦሮ ሽናሻው፣ ጉሙዙ፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገው በአንድ ገበያ የሚገናኙባት ወረዳ ናት። መስከረም እዚያ የብዙ በዓላት ወር ነው። ከእንቁጣጣሽና ከመስቀል ሌላ የቦሮ ሽናሻ ብሔረሰብ "ጋሪ ዎሮ" የተባለውን የዘመን መለወጫና የምስጋና በዓሉን በዚሁ ወር ያከብራል። ክረምቱ አልፎ ብርሃን ሲወጣ ሁሉም ደስታውን በየራሱ ማዕድ ይገልጣል፤ ከገንፎው ጎን ባሚያ አለ፣ ከእንጀራው ጎን ዶሮ አለ፣ ማር ካለ ጠጅ አለ።

በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ኑግ፣ አኩሪ አተርና ማር የሚሰጥ አገር በመስከረም መቸገር አልነበረበትም። ገበሬው ግን ምርቱን የሚሸጠው አውድማ ላይ እያለ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ የብድር፣ የግብርና የልጅ ልብስ ወጪ ይመጣበታል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ስለሚሸጥ ዋጋው ይወድቃል። ያው ገበሬ ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲጎድል ገዢ ሆኖ ወደዚያው ገበያ ይመለሳል፤ በርካሽ የሸጠውን በውድ ይገዛል። የመስከረም እሸት በቆሎ ባይደርስለት ኖሮ በዓሉ በዕዳ ብቻ የሚውል በሆነ ነበር።

መንገዱም አለ። አባይ ክልሉን ለሁለት ይከፍለዋል፤ አሶሳ በደቡብ፣ መተከል በሰሜን ናቸው። ቡለን በካርታ ላይ የአሶሳ ሰው ትሁን እንጂ በንግድ ወደ ቻግኒና ወደ እንጅባራ ታዘነብላለች። ከዚያም በጎጃም መንገድ አዲስ አበባ ይደረሳል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት በዚያ መስመር ላይ የኪራዩንም የሥጋቱንም ዋጋ ከፍ አድርጎታል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ያለው እዚያው መተከል ውስጥ፣ ጉባ ወረዳ ነው። ትልቁን ሥራ መጨረስ እንደሚቻል አገሩ አሳይቷል። የቀረው የገበሬውን ማዳበሪያ ከረጢት ከማሳ እስከ መጋዘን የሚያደርሰው ትንሹ ሥራ ነው።

ገበያ የሚቆመው በሰው ላይ ነው

መጋዘንና መንገድ ብቻ ግን ገበያ አይሆኑም። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ የደረሰው ጭፍጨፋ ይህን በመራራ መንገድ አሳይቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በወቅቱ ከ100 በላይ ሰዎች መገደላቸውን አስታውቆ ነበር። ቤቶች ተቃጠሉ፤ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቀሉ፤ ብዙዎቹ ቻግኒ አካባቢ በመጠለያ ከረሙ። ወሩን ማስተዋል ይገባል። ታኅሣሥ አዝመራ የሚሰበሰብበት ወር ነው። በታኅሣሥ ያልተሰበሰበ እህል በመስከረም ድስት ውስጥ አይገኝም።

በቡለን አንዱ እህሉን በዱቤ ይሰጣል፣ ሌላው ማሩን ያመጣል፣ ሦስተኛው ያጓጉዛል፣ ሒሳቡ ለከርሞ ይዛወራል። ያ ሁሉ ያለ ወረቀት የሚሠራው መተማመን ስላለ ነው። መተማመኑ ሲሰበር ዱቤው ይቆማል፤ ዱቤው ሲቆም ነጋዴው ጥሬ ገንዘብ ካላየ ዕቃ አይለቅም፤ ገበያው ይጠባል፣ ዋጋው ይወጣል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የክልሉ መንግሥትና የጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ የሰላም ስምምነት ተፈራርመዋል፤ ብዙ ተፈናቃዮችም ተመልሰዋል። ሰላሙን የመጠበቁ ሥራ የሽማግሌና የፖሊስ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። በመተከል የሚነግድ ባለሀብት ከሁሉም ወገን መግዛቱና ለሁሉም ወገን እኩል ዋጋ መክፈሉ ከኢንሹራንስ የማይተናነስ መከላከያ ነው።

ቄጤማ፣ ቀለምና ሽመል

የበዓል ወጪ ማድ ቤት ውስጥ ብቻ አይቀርም። በገጠር መስከረም ሲቃረብ ግድግዳው በጭቃና በእበት ይለሰናል፣ በነጭ አፈር ይቀባል። በከተማ ቀለም ይገዛል፣ መጋረጃ ይቀየራል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ አደይ አበባ ይሰካል። ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ እያሉ እቅፍ አበባ ያድላሉ፤ ወንዶች ልጆች የሣሉትን ሥዕል ያዞራሉ። ገበያ ቢሉ ይህም ገበያ ነው፤ ግን ማንም እንደ ሥራ የቆጠረው የለም።

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የቀለም ጥሬ ዕቃም ሆነ ከቻይና የሚመጣው የፕላስቲክ አበባ የሚገዛው በዚያ ዶላር ነው። ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ አበባ ለውጭ የምትሸጥ አገር በአበባ ወር ሳሎኗን በፕላስቲክ አበባ ማስጌጧ ግራ ነው። የአውሮፓ ትልቁ የጽጌረዳ ገበያ በየካቲት መጀመሪያ የሚውለው የፍቅረኞች ቀን ነው፤ መስከረም ለእርሻዎቹ ቀዝቃዛ ወቅት ነው። የግንዱ ርዝመት ለውጭ መስፈርት ያልበቃውን አበባ በቀጥታ ተቀብሎ በዋዜማው ለየሰፈሩ የሚያደርስ ነጋዴ ቢገኝ ገዢ አያጣም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ወርኃ ጽጌም ገበያውን ያራዝምለታል።

ከአበባው የበለጠ የሚቆየው ግን ሽመል ነው። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ቆላማ ቀርከሃ ልቡ ድፍንና ጠንካራ ነው። ኢትዮጵያም በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ናት። የመብራት ሽፋን፣ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ የዕቃ ቅርጫት፣ ወንበር፣ የግድግዳ ምንጣፍ ሁሉ ይሠራበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ለበዓል ሳሎኑን ማደስ የሚፈልግ ሰው ከውጭ የመጣ የተጨመቀ እንጨት ከመግዛት ይህን ቢገዛ ገንዘቡ አገር ውስጥ ይቀራል፤ ዕቃውም ለመስቀል ብቻ ሳይሆን ለገናም ያገለግላል።

ችግሩ ጥራት ላይ ነው። ያልበሰለ ሽመል በክረምት ተቆርጦ እርጥቡን ከተሠራ በዓመቱ ነቀዝ ይገባበታል፤ ነቀዙ የሚፈልገው በግንዱ ውስጥ ያለውን ስታርች ነውና። መፍትሔው የታወቀ ነው። ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ተመርጦ በበጋ ይቆረጣል፣ ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጥላ ሥር ይደርቃል። ሌላም ጥንቃቄ አለ። በክልሉ በክረምት የሽመል ቡቃያ ይበላል፣ በአሶሳ ገበያም ይሸጣል፤ መልካም ምግብ ነው። ነገር ግን ቡቃያውን ጨርሶ የበላ የከርሞውን ሽመል በልቷል። የሽመል ባለሀብት ለመሆን የሚያስብ ሰው ከመጥረቢያው በፊት ስለ ጫካው አያያዝ ከቀበሌው ሰው ጋር መስማማት አለበት።

ማከማቸትና መሰወር

"ይህን ሁሉ ነጋዴው አያውቅምን?" የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ያውቃል። በታኅሣሥ በርበሬ ገዝቶ እስከ ነሐሴ ለማቆየት የማይደፍረው ግን በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ፍርሃት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸቀጥ ማከማቸትንና መደበቅን ይከለክላል። የሕጉ ዓላማ ተገቢ ነው። በሥራ ላይ ሲውል ግን በዋዜማ መጋዘን የተገኘ ዕቃ ሁሉ የተሰወረ ዕቃ ይመስላል። በርካሽ ወር ገዝቶ በውድ ወር የሚያወጣ ሰው ዋጋን ያረጋጋል፤ በውድ ወር ገዝቶ የሚደብቅ ሰው ዋጋን ያቃጥላል። ሁለቱን በአንድ ካቴና ማሰር ቆጣቢውን ቀጥቶ ሰዋሪውን መጥቀም ነው። በ2003 ዓ.ም. ስኳርና የምግብ ዘይትን በመሳሰሉ ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲወሰን ዕቃው ከመደርደሪያ ላይ ጠፍቶ፣ ወራት ሳይቆይ በአብዛኛዎቹ ላይ ጣሪያው መነሳቱ ትምህርት ሊሆን ይገባል። የንግድ ቢሮዎች በግልጽ የሚመዘገብ የበዓል ክምችት ቢፈቅዱ፣ ነጋዴውም የገባበትን ቀንና መጠን ቢያስታውቅ፣ የተከማቸውና የተሰወረው በወረቀት ይለያሉ።

ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ስምንት ወር የሚቀመጥ በርበሬ ስምንት ወር ወለድ ይበላል። ባንኮች የሚፈልጉት ሕንፃ እንጂ ኩንታል አይደለም። ሆኖም የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ተንቀሳቃሽ ንብረትን ለዋስትና የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011ም ወጥቷል። ሕጉ ከባንኮቹ ልማድ ቀድሞ ሄዷል። በቻግኒ ወይም በቡለን የታወቀ፣ ደረቅ፣ ሚዛኑ የሚታመን መጋዘን ቢኖር ኩንታሉ ራሱ ዋስ መሆን ይችላል። የበዓል ዕቃ አስመጪ ለመሆን የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ከሚይዙ ባለሀብቶች ጥቂቶቹ ገንዘባቸውን ወደዚህ ቢያዞሩ የሚያዋጣ ሥራ ነው።

ደላላውም ቢሆን መረገሙ ብቻ አይበቃም። የቡለን ገበሬና የሾላ ነጋዴ አይተዋወቁም፤ የሚያገናኛቸው ደላላው ነው። ጥፋቱ ያለው ማገናኘቱ ላይ ሳይሆን የዋጋ ወሬውን ለራሱ ማስቀረቱ ላይ ነው። ገበሬው በእጅ ስልኩ የቻግኒንና የአዲስ አበባን ዋጋ ማወቅ ከቻለ፣ ደላላው ትርፍ የሚያገኘው ከመደበቅ ሳይሆን ከማድረስ ይሆናል። በአዲስ አበባ የተስፋፉት የእሁድ ገበያዎችም አምራቹን ከሸማቹ ለማቀራረብ ረድተዋል። ነገር ግን ታኅሣሥ ላይ ያልተገዛ ዕቃ በየትኛውም እሁድ አይገኝም።

እንግዲህ ሥራው በወራት ይከፋፈላል። ታኅሣሥና ጥር በርበሬ፣ እህልና ማር የሚገዛበት፣ ሽመል የሚቆረጥበት ነው። በመጋቢት ጫጩት ይገባል፤ በሁዳዴ ቅቤ ይነጠራል። በግንቦት በግ ከቀለብ ይገባል፤ የበጋ ሽንኩርት የሚቋጭበትና በአየር መውጫ ባለው ጎጆ የሚቀመጥበት ጊዜም ይኸው ነው። በሐምሌ የሽመሉ ዕቃ ተሠርቶ ያልቃል። ለነሐሴ የሚቀረው ማጓጓዝ ብቻ ነው፤ ለመስከረም የሚቀረው መሸጥ። ይህን የጠበቀ ነጋዴ በዋዜማው ዋጋ ሳይጨምር ያተርፋል፤ ያልጠበቀው ደግሞ ዋጋ ጨምሮም ስሙን ያጠፋል።